የጀርባው በር ኬብል

መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ በዶሃ ለሚገኘው ወንድሜ ለገዳ በንቲ

ውድ ገዳ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ አትኩራራበት። እኔ ከንዴት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። አንተም ደህና መሆንህን አውቃለሁ፤ በቴሌግራም የጻፍኩልህን አሥራ ዘጠኝ መልእክት አንድ ሳታስቀር እንዳነበብክ ምልክቱ ነግሮኛል። የታመመ ሰው እንዲህ ተግቶ አያነብም። እደውላለሁ፣ አታነሳም። ድምፄን ቀድቼ እልካለሁ፣ ታዳምጥና ዝም። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የጎረቤታችን ልጅ ሣራ ፈቃዷን ጨርሳ ሐሙስ ወደዚያው ወደ ዶሃ ሥራዋ ስለምትመለስ በእጅህ ትሰጥሃለች። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳትል ነግሬያታለሁ፤ ሣራን ደግሞ ታውቃታለህ፣ ካለች አለች ነው።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ዳዲ ለሁለተኛ ጊዜ ችሎት ቀረበ። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም አለ፣ ዳኛዋ እስከ ኅዳር 17 ስምንት ቀን ጨመሩ። አሥራ አምስት ቀን ታስሮ ስምንት ቀን ተጨመረበት። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። የአባታችን የፉሪ ጎረቤት፣ አባታችን ሲሞት ድንኳኑን የተከለው፣ አንተን በትከሻው ተሸክሞ ቀብር ያደረሰህ ሰው፣ ያን ግራጫ ኮቱን እንደለበሰ በሁለት ፖሊስ መካከል ሆኖ ከፊቴ አለፈ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እኔ ነኝ ፊቴን የማዞርበት ያጣሁት።

ለምን እንደታሰረ ጽፌልሃለሁ። ግን አንተ እያነበብክ የማትሰማ ሰው ሆነሃልና ከሥሩ ልንገርህ። አሁን አዲስ የምታውቀውም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ።

የአቶ ማኑሄን ሕንፃ አትረሳውም፤ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ ሲኬድ ያለው የላቦራቶሪ ዕቃ አስመጪው። በ2015 ግንቦት ላይ ሰባ ሁለት የኔትወርክ መስመርና አሥራ ሁለት ካሜራ ዘርግተን ያስረከብነው። ጥቅምት 22 ቅዳሜ ሌሊት ሌባ በጀርባው በር ገብቶ አራት ማይክሮስኮፕ ይዞ ወጣ። ሰኞ ፖሊስ መጥቶ የካሜራውን ቅጂ ሲያይ አሥራ አንዱ ካሜራ ሲሠራ ያድራል፣ የጀርባው በር ብቻ ይጠፋል። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ከነሐሴ ጀምሮ በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ይጠፋል፣ ትንሽ ይመጣል፣ ደግሞ ይጠፋል፣ ሲነጋ ደህና ይሆናል። ጋሽ ዳዲ ደግሞ የሌሊት ጥበቃ ነው። የሚገባው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የሚወጣው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። «እሱ ሲገባ ካሜራው ይጠፋል፣ እሱ ሲወጣ ይበራል» አሉ። እዚያው አሰሩት። እኔም ኬብል የማላውቅ ሰው ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ለምን ማታ ማታ እንደሚጠፋ የምናውቀው ግን እኔና አንተ ነን። ለመርማሪው እንዳስረዳሁት ላስረዳህ፣ ረስተኸው ከሆነ። ካሜራው የራሱ የመብራት ገመድ የለውም። ምስል የሚልክበትም ኃይል የሚያገኝበትም ያው አንዱ የኔትወርክ ኬብል ነው። ቀን ቀን ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። ሲጨልም በጨለማ የሚያይበትን የራሱን መብራት ያበራል፣ ያኔ ብዙ ይስባል። ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ከሆነና ከመቶ ሜትር ካላለፈ ይሸከመዋል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከሆነ፣ መቶ አሥራ ስምንት ሜትር ከሄደ፣ መሐል ላይ ደግሞ በእጅ የተቋጠረ ከሆነ አይሸከመውም። ካሜራው መብራቱን ሊያበራ ሲል ኃይል ያንሰዋል፣ ይጠፋል። ይነሣል፣ እንደገና ሊያበራ ሲል ይጠፋል። ማንም ሳይነካው፤ ጋሽ ዳዲ በሩ ላይ ቢቆም ባይቆም።

መቶ አሥራ ስምንት ሜትር፣ ገዳ። ከመቶ አታልፍም ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? አሥራ ስድስት ዓመትህ ላይ እግሬ ሥር ቁጭ ብለህ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ እያልክ ገመዶቹን በቀለማቸው ስትደረድር፣ ጥፍርህ እስኪቆስል ስትልጥ፣ ምን አልኩህ? የእኛ ሥራ ኮርኒስ ሲዘጋ ማንም አያየውም፤ ባለቤቱ የሚያየው ሶኬቱን ነው፤ ውስጡን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ ስለዚህ ውስጡን ማበላሸት ዐይን የሌለውን ሰው ማታለል ነው አላልኩህም? በቃልህ ይዘኸው ነበር። ሌላ ሠራተኛ ሲያበላሽ አንተ ነበርክ እንደ እኔ ድምፅህን እያወፈርክ የምትሰብክላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ቃጠሎው እዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት 25 ማክሰኞ ጠዋት አቶ ማኑሄ ደወሉ። ስለ ሌባ አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ ፖሊስ ለማንም እንዳትናገሩ ብሏቸው ኖሯል። «የጀርባው በር ካሜራ ይጠፋል፣ ዛሬውኑ አስተካክይ» ብለው ዘጉት። ብቻዬን ሄድኩ። ጋሽ ዳዲን አለማየቴ ምንም አልመሰለኝም፤ ቀን ነዋ፣ ቤቱ ተኝቷል ብዬ። መሰላል አቁሜ የምድር ቤቱን ኮርኒስ ከፈትኩና እጄን ከትቼ መስመሩን ስከተል እጄ ላይ የመጣው ምን ነበር? የውሃ ሃይላንድ። ሁለት ቦታ ተቆርጦ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ። ውስጡ ቋጠሮ። ከወዲያ የእኛ ሰማያዊ መዳብ፣ ከወዲህ ከየት እንዳመጣኸው የማይታወቅ ግራጫ አሉሚኒየም፣ ስምንቱም ገመድ በጣት ተጠምዞ። ያለፈው ክረምት ውሃ ሃይላንዱ ውስጥ ገብቶ ቋጠሮውን አረንጓዴ አድርጎታል፤ ሁለት ዓመት እንደምንም ሲሸከም ኖሮ ከነሐሴ ጀምሮ ያቃተው ለዚህ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ በማርከር «ካ-12፣ ገ.በ.» ይላል። ሌባ እንኳ ስሙን ጽፎ አይሄድም።

ደሜ ፈላ። ምን ላድርግ? ወርጄ አቶ ማኑሄን ጠርቼ «ይኸው ድርጅቴ የሠራው ጉድ» ልበላቸው? አላልኩም። ማንም ሳያየኝ ልጨርስ አልኩ። ምድር ቤት ላይ ሳጥን ሰቅዬ ምስልና ኃይል የሚያቀባብል ትንሽ የኔትወርክ ስዊች አስገባሁ፣ መስመሩን ለሁለት ከፍዬ አዲስ መዳብ ሳብኩ፣ ለካሁት፣ አንደኛ ሆነ። ቋጠሮውን በፒንሳ ቆራረጥኩት፤ በንዴት፤ አንተን የቆረጥኩ ያህል። ግራጫውን ኬብል ጠቅልዬ በር ላይ ላገኘሁት ቆራሌ ሰጠሁት፣ ከዐይኔ እንዲጠፋ። ፎቶ አላነሳሁም። ከዚያ በሥራ ወረቀቱ ላይ «ማገናኛው ላልቶ ነበር፤ ተስተካክሏል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ላልቶ ነበር። ይህን የጻፍኩት እኔ አያንቱ ነኝ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ዋሽቼ የማላውቀው።

ካሜራው ያን ቀን ማታ ሳይጠፋ አደረ። በማግስቱም አደረ። እስከ ዛሬ ያድራል። አየህልኝ? ጋሽ ዳዲ ሰኞ ታሰረ፣ ካሜራው ማክሰኞ ዳነ። ፖሊሱ ጋ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሰውዬውን ያሰርከው አንተ፣ ቁልፉን የጣልኩት እኔ።

የሰማሁት ዓርብ ነው። የጋሽ ዳዲ ልጅ ሌንሳ በሬን አንኳኳች። ስምንት ወሯ ነው። ሦስት ጊዜ ከጨነገፈባት በኋላ የያዘችው ፅንስ መሆኑን ታውቃለህ፤ ከፉሪ እስከዚህ በሁለት ታክሲ ተገፋፍታ መጥታ በሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ቆመች። «አያንቱ፣ አንቺ ካሜራ ታውቂያለሽ፣ አባቴ ካሜራ ያጠፋል ይላሉ፣ አባቴ እኮ የቴሌቪዥን ሪሞት አያውቅም» አለችኝ። ገዳ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አስገብቼ ውሃ ሰጥቼ ሸኘኋትና ቅዳሜን ሙሉ ያን ቆራሌ ስፈልግ ዋልኩ። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም እስከ ሐና ማርያም፣ ጆንያ የተሸከመ ሁሉ እያስቆምኩ። ማታ ላይ አገኘሁት። ላስቲኩን አቃጥሎ አሉሚኒየሙን ሸጦታል። «እህቴ፣ ኬብሉ እኮ መዳብ አይደለም፣ ሰው ሸውዶሽ ነው የገዛሽው» ብሎ አዘነልኝ።

ሰኞ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው ጸጋአብ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ አይጮህም፣ አለመጮሁ ይብሳል። ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ሦስት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው የ2015ቱ የፍተሻ ወረቀት ነው፤ «ካ-12፣ ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት ሜትር፣ ያለፈ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማዬ። ሁለተኛው ያው ማክሰኞ የጻፍኩት፤ «ማገናኛው ላልቶ ነበር»፣ ከሥሩ ፊርማዬ። ሦስተኛው አሁን እየሰጠሁ ያለሁት ቃል። «የትኛዋን አያንቱ ልመን?» አለኝ።

ካ-12 ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት። ካ-11ም ሰማንያ አራት ነጥብ ሦስት። ሌላውም ቁጥር ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንድ ነው። አንተ የአሥራ አንዱን ገልብጠህ ስሙን ብቻ ቀየርክ። የመጀመሪያ ወር ተማሪ የሚያየውን እኔ አላየሁም፤ ሰማንያ አራቱን ገጽ መኪናዬ ኮፈን ላይ አስደግፌ ሳልገልጥ ፈረምኩ፣ ምክንያቱም የሠራኸው አንተ ነህ። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ቁጥር በቁጥር አየው ነበር። ያን ወረቀት አያይዤ ነው ለዶሃው ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ የጻፍኩልህ። «እጁ የታመነ» ብያለሁ። በኮምፒውተር ስጽፈው እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ሞኝ።

«አሉሚኒየም ገዝቼ፣ ቋጥሬ፣ ያንኑ ካሜራ ሰቅዬ በፊትህ ላጥፋልህ» አልኩት ጸጋአብን።

«እንደሚሆን ታሳዪኛለሽ፤ እንደነበረ ግን አታሳዪኝም» አለ። «ከተጠርጣሪው ጋር ዘመድ ናችሁ ይባላል። የሠራውን ሰው አምጪልኝ። ማነው የሠራው?»

«ድርጅቴ» አልኩ።

«ድርጅት ኬብል አይቋጥርም፣ እህቴ። የሚቋጥረው ሰው ነው። ስሙን ንገሪኝ።»

ስምህን አልነገርኩትም። ለምን አትበለኝ፤ አላውቅም። አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። ፍተሻው ሐሰት እንደነበር፣ ማክሰኞ የጻፍኩትም ሐሰት እንደነበር፣ ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን በራሴ እጅ ጽፌ ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ። የድርጅቱ ፈቃድ ይነጠቅ ይሆናል፤ አቶ ማኑሄም ሌሎች ደንበኞች ጋ ደውለው አዳርሰዋል፣ ሳሪስ ላይ የጀመርነውን ሥራ አስቁመውኛል። ይሁን፣ የሚገባኝ ነው። የእኔን ሸክም እኔ ችዬዋለሁ።

አሁን ያላወቅከውን ልንገርህ።

ከጸጋአብ ቢሮ ወጥቼ ጋሽ ዳዲን ልጠይቅ ሄድኩ። ዳቦና እርጎ ይዤ ነበር፤ ፖሊሱ ፊት ከሁለቱም ቀምሼ አስገቡኝ። በሽቦው ማዶ ቁጭ አለ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ስለ ራሱ ምንም ሳይል ስለ ሌንሳ ጠየቀኝ። ደህና ናት አልኩት። ከዚያ የሆዴን ማፍረጥ አማረኝና «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው። ኮርኒሱ ውስጥ ቋጠሮ አግኝቻለሁ፣ በሃይላንድ የተሸፈነ» አልኩት።

«ሃይላንዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ፤ አለና በእጁ አፉን ያዘ።

ያኔ ሕንፃው ሳያልቅ ቀንም ሌሊትም እሱ ነበር የሚጠብቀው፤ ለካ መሰላሉን የያዘልህ እሱ ነው። ስትቋጥር አይቷል። ውሃውን ደፍቶ ጠርሙሱን የሰጠህ እሱ ነው። እሱ ይህን ለመርማሪው ቢናገር፣ ሃይላንዱን፣ ፕላስተሩን፣ የትኛው ክፍል ኮርኒስ እንደሆነ ቢናገር፣ እኔ ከጻፍኩት ጋር ይገጥማል፤ ሳንገናኝ በፊት ተናግሮ ቢሆን ደግሞ ገና ድሮ ቤቱ ነበር። «ታዲያ ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ጮህኩበት። አዎ፣ ታሳሪ ሽማግሌ ላይ ጮህኩ። ፖሊሱ ዞር ብሎ አየኝ።

«አስምሎኛል» አለኝ ዝቅ ብሎ።

«ማን?»

«ገዳ ነዋ። ‹እህቴ ከሰማች ትገድለኛለች፣ ነገ ርክክብ ነው ብላለች፣ ለማንም እንዳትናገር በአቦ በለኝ› አለኝ። በአቦ አልኩት።»

ገዳ፣ እኔን ይህን ያህል ትፈራኝ ነበር?

አዎ፣ ያን ቀን ቢሾፍቱ ሆኜ ደውዬልሃለሁ። አቶ ማኑሄ በመጨረሻው ቀን አሥራ ሁለተኛ ካሜራ ጨምሩ ሲሉ፣ አንተ «ኬብል አልቋል፣ ርቀቱም ብዙ ነው» ስትለኝ፣ «ሰበብ አልፈልግም፣ ነገ ርክክብ ነው፣ ዛሬ ጨርሰህ ውጣ» ብዬ ጆሮህ ላይ ዘግቼብሃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን እንዳላስታውስ ስታገል ነው የሰነበትኩት። አስታውሼዋለሁ። ግን «አያንቱ፣ አይሆንም» ማለት አቅቶህ ለሽማግሌ መሐላ መስጠት ቻልክ? እኔ ብጮህብህ ምን ትሆናለህ? ጮሄ፣ ሰድቤ፣ ማታውን ራሴ መጥቼ አብሬህ እስብ ነበር። ስንቴ እንዲህ አላደረግንም?

የአቦ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የነፍስ አባቱን አባ ልዑልቃልን ለመንኳቸው። ጣቢያ ድረስ ሄደው «የማይገባ መሐላ ነው፣ ተናገር፣ እኔ እፈታሃለሁ» አሉት። እጃቸውን ስሞ እሺ አላቸው። ሲወጡ ግን ያው ዝም። በማግስቱ ብጠይቀው የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «አባ እኔን ይፈቱኛል። ልጁን ግን ማን ይጠይቅልኛል? እኔ ስናገር እሱ ሥራውን ያጣል፣ በሰው አገር ያስሩታል። ደግሞ ሌንሳ በሆዷ ይዛለች። በአቦ ምዬ ባፈርስና አንድ ነገር ብትሆን፣ ከዚህ ወጥቼ የት እገባለሁ? ያስማለኝ ራሱ ተናገር ይበለኝ፣ ያኔ እናገራለሁ።»

እንግዲህ እንዲህ ነው የሆነው። አንተ በዚያ አገር ማቀዝቀዣ ሥር ቁጭ ብለህ የእኔን መልእክት እያነበብክ ስትዘጋ፣ ሰውዬው ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ያንተን ምሥጢር ይጠብቅልሃል። የጥበቃ ሥራውን በጣም አጥብቆ ይዟል፣ አይደል?

አሁን የምትሠራውን ስማ። ሣራ ከፊትህ ናት። ስልኳን ታወጣለች። በድምፅህ፣ በራስህ አፍ፣ «ጋሽ ዳዲ፣ እኔ ገዳ ነኝ፣ ያየኸውን ሁሉ ተናገር» ብለህ ትቀዳላታለህ። እሱ ማንበብ ስለማይችል ደብዳቤ አይሠራም፣ በሰው የተላከ ቃልም አያምንም፤ ያንተን ድምፅ ግን ያውቀዋል። ጸጋአብ እሱ ባለበት እንዳሰማው ፈቅዶልኛል። ከዚያ ለጸጋአብ ሌላ ወረቀት ትጽፋለህ፦ ማን እንደሆንክ፣ ካ-12ን እንዴት እንደዘረጋህ፣ የት ላይ እንደቋጠርክ፣ የፍተሻውን ቁጥር ከየት እንደገለበጥክ። እኔ የጻፍኩልህን እንዳትገለብጥ፤ እኔ የማላውቀውን፣ አንተና እሱ ብቻ የምታውቁትን ጻፍ፤ ምን እንዳወራችሁ፣ ምን እንደበላችሁ። ሦስታችሁ ለየብቻ አንድ ነገር ከተናገራችሁ አምናለሁ ብሏል ጸጋአብ። ኤምባሲ ሄደህ አረጋግጠው። የኬብል መፈተሻው የቴስተሩ ዋና ፋይል ያለበት ላፕቶፕም አንተ ጋ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛው ፍተሻ ጭራሽ እንዳልነበረ እዚያ ላይ ይታያል፤ እሱንም ላክ። ይህ ሁሉ እስከ ማክሰኞ እጄ መግባት አለበት፣ ረቡዕ ችሎት ነው።

ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። አልዋሽህም፣ ልታጣ ትችላለህ። ብታጣ ትኬት ቆርጬ አስመጣሃለሁ፣ አብረን ከዜሮ እንጀምራለን፤ ፈቃድ ከነጠቁኝም በሰው ድርጅት ተቀጥረን መሰላል እንይዛለን፤ ሙያው እጃችን ላይ ነው። ያኔም እጮህብሃለሁ፣ ይህን አልደብቅህም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ስጮህ «አያንቱ፣ አይሆንም» በለኝ። ለመስማት እሞክራለሁ። ቃል አልገባልህም፣ እሞክራለሁ።

እስከ ማክሰኞ ድረስ ዝም ካልክ ግን ስምህን እናገራለሁ። ጸጋአብ ፊት ቁጭ ብዬ፣ የወንድሜ ስም ገዳ በንቲ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ እህት አለኝ አትበል። ይህን ያልኩት ተናድጄ አይደለም፤ ሌላውን ሁሉ ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ ይህን ግን ረጋ ብዬ ነው።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ። ካለህም ያስታውስህ። ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅህ፣ ሌንሳን በሰላም ይገላግላት፣ እኔንም ይቅር ይበለኝ።

እህትህ
አያንቱ በንቲ

ጋሽ ዳዲ ዛሬ ከችሎት ሲያወጡት ወደ ገዳ ልጽፍ ነው ብዬው ነበር። ሰላም በይልኝ አለ። «ዶሃ ፀሐዩ ይከብዳል ይላሉ፣ ቆብ ያድርግ በይው» ብሎሃል።